ገንዳ ውስጥ የከተመው ጢማም

የሲያትል ቀናተኛ ባሎች ሁሉ ቅናታቸውን አዋጥተው ቢቆልሉት የሀይለየሱስን ጉልበት አይደርስም ነበር። ሚስቱ ዙዛና ስሎቫክ ናት። አንዴ በዝናብ ጃንጥላ ያጋራትን ሽማግሌ እስከ ሬድመንድ ድረስ በመኪና ተከታትሎታል።

በፈረንጆቹ 1985 የገና በዓል ሊደርስ ሲል ግን ጉዱ ራሱ ቤቱ መጣ። ከሥራ ሲገባ አንድ ወፍራም ጢማም የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተንሰራፍቶ አገኘ።

"እስከ በዓሉ ዋዜማ ነው" አለች ዙዛና። "ያገሬ ወግ ነው።"

"ራቁቱን?!"

"ታዲያ ሱፍ ላልብሰው?"

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጌታ እሱ ሆነ። ዙዛና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዳቦ እየቆረሰች ታጎርሰዋለች። ሀይለየሱስ ከሠርጋቸው ወዲህ ጉርሻ አይቶ አያውቅም። ትንሿ ልጃቸው ገነት ተረት ታነብለታለች። አባወራው ካፒቶል ሂል በሚሠራበት ምግብ ቤት፣ ድስት ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ይታጠባል።

ቡሪየን ላለው ጓደኛው ለሳህሌ ኮል አደረገ።

"ምን ያወራል?" አለ ሳህሌ።

"ምንም! አፉን ከፈት፣ ዘጋ ያደርጋል። ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አይነቅልም።"

"ዝምተኛ ነው የሚያስፈራው፣ ወንድሜ! ሶ፣ ቁርጡን ንገራት።"

ዋዜማው ደረሰ። ዙዛና ዓመቱ እንዲጣፍጥ በገነት ግንባር ላይ በማር መስቀል ሠራች። በረከት እንዲገባ በቤቱ ማዕዘኖች ዋልነት የሚሉትን ለውዝ በተነች። ከሦስቱ ሳህኖች ጎን አራተኛ ስታስቀምጥ የሀይለየሱስ ደም እንደ ሽሮ ተንተከተከ።

"ይሄ ለእሱ ነው?"

"ድንገት በር ለሚያንኳኳ መንገደኛ ነው።"

"እሱስ?"

"እሱማ ከራት አይቀርም።"

ሀይለየሱስ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። "ዙዚ፣ ወይ እኔ ወይ እሱ! ሳህሌ ጋ እሄድልሻለሁ፤ አሁኑኑ ወስኚ!"

ዙዛና ከመሳቢያ መዶሻ አነሳች።

"ኖ፣ ማሚ! ፕሊስ!" ገነት እግሯ ላይ ተጠመጠመች።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘጋ። ውኃው ተንቦጫረቀ። ጧ! አለ። ከዚያ ጭጭ።

"ኧረ ዙዚ፣ ይህን ያህል እንኳ አላልኩም!" ሀይለየሱስ በሩን በሁለት እጁ ደበደበው።

ዙዛና አንገቱን ቆርጣ፣ የዓሣ ቅርፊቱን ፍቃ፣ በዱቄት ለውሳ ጠብሳ ስታቀርበው፣ ሀይለየሱስ ቀመስ አደረገና "ሎሚ የለም እንዴ?" አለ።