የማን ነህ?

«የማን ነህ?» አለች ፔሪና፣ የቤተሰቧ መቃብር ቤት የብረት በር ላይ ቆማ።

«የሽኪልዮ» አለ ከአሜሪካ የመጣው እንግዳ፣ ከአያቱ በለመደው በደሴቲቱ ቋንቋ። የአባቱን አመድ የያዘች ሣጥን አቅፏል። «ግን እማማ፣ ከጠዋት ጀምሬ የመቃብሩን ድንጋይ ሁሉ ባነብ ሽኪልዮ የሚባል የለም። ሁሉም ድራጎሼቪች ነው።»

ሽኪልዮ የእሷ የፔሪና ቤተሰብ መጠሪያ ነው። የወይኑ ተክል በበሽታ ያለቀ ጊዜ አሜሪካ የሄደው አጎቷ ማቴ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ይኸው በልጅ ልጁ መጣ። አባቷ ለማቴ ሠላሳ ደብዳቤ ጽፎ ሠላሳውም ሳይከፈት ተመልሶበታል። ሊሞት ሲል «ወንድሜ ንቆኛል፤ የእሱ ዘር ከጎኔ እንዳይተኛ» ብሎ አስምሏታል። የመቃብር ቤቱን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው።

«አባቴ በአያቴ መንደር ቅበሩኝ ብሎ ነው የሞተው» አለ ሰውየው። የታጠፈ ወረቀት ዘረጋላት። «ይኸው የዘራችን ዓርማ። አባቴ በፖስታ አዝዞ ያስመጣው ነው። መኳንንት ነበርን አሉ።»

ዓርማው መሐል ባለው ጋሻ ላይ አንድ ንስር ዓይኑን አፍጥጧል። ፔሪና እንደተቆጣች ልትቆይ ብትፈልግም ሳቅ አመለጣት።

«ወይ ጉድ! መኳንንት! ሽኪልዮ እኮ ቅጽል ስም ነው፣ አንተ! አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚያይ ማለት ነው። እዚህ ቄሱም ድራጎሼቪች፣ ፖስተኛውም ድራጎሼቪች፣ አህያዬም ብትጠመቅ ድራጎሼቪች ናት። ስለዚህ የማን ነህ ሲሉህ የቤትህን ቅጽል ነው የምትናገረው። አያትህ ሞኙ፣ ከመርከብ ሲወርድ ማን ትባላለህ ቢሉት፣ የማን ነህ ያሉት መስሎት...»

አልጨረሰችውም። አባቷ በየፖስታው ላይ የጻፈው ስም ትዝ አላት፤ ማቴ ድራጎሼቪች። እዚያ አገር እንዲህ የሚባል ሰው አልነበረም።

«አያትህ ስለ ወንድሙ ምን ይል ነበር?» አለች፣ ድምጿ ተለውጦ።

«ረሳኝ ይል ነበር። ፊደል አልቆጠረም፤ ግን እስኪሞት ድረስ በየቅዳሜው ፖስታ ቤት እየሄደ ለሽኪልዮ የመጣ ደብዳቤ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር።»

ፔሪና እንባዋን በሽርጧ ጠረገችና ቁልፉን አወጣች። ከመክፈቷ በፊት ግን በሩን በቁልፉ ሦስቴ አንኳኳች።

«አባዬ» አለች፣ «ጠጋ በል። መልስ መጥቶልሃል።»