አንዲት መስመር ወደ ግራ

አበባው ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ግንቦት ላይ ነው።

ወለላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የመረጃ ጸሐፊ ነበረች፤ ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። እሱ እዚያው ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ያስተምራል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ የምትገባ ሴት፣ በዚያ ሰሞን ማምሸት ለመደች።

«የት ቆየሽ?» ይላታል።

«ሥራ በዝቶ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከድረስ ጋር ነዋ! ሌላ ማን አለ?»

ብትዋሸው ይሻለው ነበር። ድረስ የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የደምበጫ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ፣ ያላገባ። ስሙን እንዲህ ዘና ብላ ስትጠራው አበባው ገበታውን ትቶ ይነሣ ጀመር።

ያለፈውንም መመርመር ያዘ። ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ቀን ራት ላይ፣ እሱ ስለሚያስተምረው ፓይተን ስለሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ያልጠበቀውን ጠይቃው ነበር። «በፓይተን ዲክሽነሪ ውስጥ ሌላ ዲክሽነሪ ካለ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ካለ፣ እንዴት ተደርጎ ነው እስከ ታች የሚኬደው?»

አበባው ከት ብሎ ሳቀ። «ተማሪዎቼ ዓመት ሙሉ ተምረውት ያልገባቸውን አንቺ በሽሮ ልትጨርሺው ነው? ይልቅ ኤክሴልሽን ያዢ።»

እሷም አብራው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጠይቃው አታውቅም። አሁን ሲያስበው ጥያቄው የእሷ አልመስል አለው። የድረስ ወሬ ነው፤ ከእሱ ጋር ውላ በአፏ ላይ የቀረ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ዩኒየኑ ሄደ። ዘበኛው ስለሚያውቀው አላስቆመውም። በመስኮቱ ሲያይ ሁለቱ ከአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ኪቦርዱ ወለላ ፊት ነው፤ ድረስ ወንበሩን አስጠግቶ በጣቱ ስክሪኑን ያሳያታል።

«ወጣልኝ!» ብላ በድንገት አጨበጨበች። ድረስም እየሳቀ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

አበባው ያየው የድረስን እጅ ብቻ ነው። ቤት ሲገባ ያ እጅ በዓይኑ ፊት ገና እዚያው ትከሻ ላይ ነበር።

ሰኞ ዕለት ድረስ ራሱ ወደ ኮሌጁ መጣ፤ ፍላሽ ይዟል።

«መምህር፣ ላስቸግርዎት ነው» አለ። «ቅዳሜ ለሥራ አስኪያጁና ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀርብ ፕሮግራም አለ። ከመቅረቡ በፊት የእርስዎ ዓይን ቢያርፍበት ብለን ነው።»

«ብለን? አንተና ማን?»

ድረስ ፊቱ ቀላ። «ያው… የቢሮው ሰው ማለቴ ነው። ከተሳካ ቋሚ መደብ አለው።»

‘ሚስቴ አልበቃችው ብላ በእኔው እጅ ሊሾም ነው’ አለ አበባው በሆዱ። ፍላሹን ግን ተቀበለ።

ሲከፍተው መረጃው ዲክሽነሪ በዲክሽነሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ በወረዳው ውስጥ ቀበሌዎች አሉ፤ በየቀበሌው ውስጥ እህሉ፤ ስንዴው፣ ጤፉ፣ በቆሎው፣ የያንዳንዱም ኩንታል። ፕሮግራሙ ወረዳውን ይከፍታል፤ ወደ ቀበሌው ይዘልቃል፤ ከቀበሌው ወደ እህሉ ይወርድና አንድ በአንድ ይደምራል። ስህተት ፈለገ፤ አጣ። እንደ ስንዴ የተለቀመ ሥራ ነው። ያኔ ሁለተኛ ቅናት በመጀመሪያው ላይ ተደረበበት።

ለሙከራ የገባውን መረጃ ሲያይ ደግሞ ደሙ ፈላ። በመጀመሪያ የተጻፈው የቦታ ስም አማኑኤል ነው። አማኑኤል ወለላ የተወለደችበት ነው። ደምበጫ ተወልዶ ደምበጫን ትቶ በአማኑኤል የሚጀምር ምን ዓይነት ወንድ ነው?

በፓይተን አንድ መስመር ከግራ ዳር የሚርቅበት ልክ ትርጉም አለው። የምትደምረዋ መስመር ከሁሉም ወደ ውስጥ፣ ፕሮግራሙ በእህሉ ላይ አንድ በአንድ ከሚመላለስበት ዙር ሥር ተቀምጣለች። አበባው ጠቋሚውን ከፊቷ አስቀመጠና አንዴ ወደ ግራ ሳባት። መስመሯ ከውስጠኛው ዙር ወጣች። እንዲህ ስትሆን ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ስህተት አለ ብሎም አይጮህም። በየቀበሌው ሁሉንም እህል አልፎ የመጨረሻውን ብቻ ይደምራል። ዝም ብሎ ይዋሻል። የአማኑኤልን ስንዴ የሚያውቁ የወረዳ ኃላፊዎች ግን ገና ድምሩን ሲያዩ ይስቃሉ።

በማግስቱ ፍላሹን መለሰ። «እንከን የለውም። ከእንግዲህ አትነካኩት፤ እንዲሁ ይቅረብ።»

ድረስ በሁለት እጁ ጨበጠው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር! ምን ያህል ደስ እንዳሰኙን አያውቁም።»

ያን ምሽት ወለላ ቤት የገባችው እየዘፈነች ነው። ከኋላው መጥታ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። የድረስ ደስታ እስከ ቤቱ ተከትሎት መምጣቱ አንገበገበው። ቅዳሜን ናፈቀ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አበባውም በክብር እንግድነት ተጠርቶ ከፊት ተቀመጠ። ወለላ የመልሷን ቀሚስ ለብሳ ከጎኑ ነበረች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፤ ዓይኗ ከድረስ ላይ አልነቀል ብሏል። ‘ለእሱ ነው የምትፈራለት’ አለ አበባው። ‘ቆይ፣ ቆይ፤ አሁን ታይዋለሽ።’

ሥራ አስኪያጁ አጭር ንግግር አደረጉ። ድረስ ተነሥቶ ፕሮጀክተሩን አበራ፤ ዩኒየኑ የሚሠራባቸውን የአሥራ ስምንቱንም ወረዳ መረጃ ጫነ። አበባው እግሩን አነባብሮ ወንበሩን ተደገፈ።

«እንግዲህ የደከመችበት ራሷ ታሳየን» አለ ድረስ።

ወለላ ተነሣችና ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ ብላ፣ «አንተ አይተኸው የለ፤ ምንም አልፈራም» አለችው።