ወለተ ኪዳን ብሎ የጠራት

«የክርስትና ስሟን ለሰው አታውጪ፤ ስሟን የያዘ ሰው...»

አገሬ ልጅ ሳለች፣ የክርስትና እናቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ለእናቷ ይህን ስትል ሰምታለች። እናቷም አንድ ነገር መለሰች፤ ሁለቱም ሳቁ። ስሟን የያዘ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አላስታወሰችም።

ዛሬ አማኑኤል ከተማ፣ ደምለው ስልክ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምታስበው ያንኑ ነው።

«እስቲ እንደገና ይንገሩኝ፣ እትዬ» አለ ደምለው፣ ዓይኑን ከስልኳ ሳይነቅል።

«ነገርሁህ እኮ። እሑድ ዕለት አንድ ሰው ደውሎ ‹ወለተ ኪዳን› አለኝ። ከገዳም ነኝ፣ ስምሽ ለሱባኤው ሊመዘገብ ነው፣ በመልእክት የመጣልሽን ቁጥር አንብቢልኝ አለ። አነበብሁለት።»

«አነበቡለት።»

«ታዲያ ለገዳም ቁጥር ይነፈጋል?»

«ያ ቁጥር የቴሌግራምዎ ቁልፍ ነው። ገባና እርስዎን አስወጥቶ ቆለፈው። አሁን በእርስዎ ፎቶ ለጽዋ ማኅበርተኞችዎ ‹ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፣ ብር ላኩልኝ› እያለ ይጽፋል።»

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ያለምዘውድ ብር ልካለች። ለቤቷ ቆርቆሮ ያጠራቀመችውን።

አገሬ ጉልበቷን ዳሰሰች። እሷ እዚህ ደህና ተቀምጣለች፤ ወዲያ ደግሞ ታምማ ትለምናለች። አልገባትም። ከሁሉ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው።

«ደምለው፣ ስሜን የሚያውቁ ሦስት ነበሩ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እናቴም የክርስትና እናቴም ሞተዋል። የቀሩት የነፍስ አባቴ፣ አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ሆና ቅዳሴ የቀረሁት በሌላ አይደለም።»

ደምለው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስልኳን እየነካካ ቆየና ዘረጋላት። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት የፌስቡክ ገጽ ነው። ‹እንድንጸልይላችሁ የክርስትና ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ› ይላል። ከሥሩ ስም በስም ላይ ተደርድሯል። ጣቱ አንዱ ላይ ቆመ።

ወለተ ኪዳን፣ ከአማኑኤል። የራሷ ስልክ ቁጥር። ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ለእግዜር ነበር እኮ የጻፍሁት» አለች።

«እግዜርም አንብቦት ይሆናል። ሌባውም አነበበው።»

አባን ስንት ቀን ጠረጠረቻቸው? ሰኞ ከመንገድ ሲመጡ አይታ መስቀል ሳትሳለም በጓሮ ዞራለች።

«ሌላ ሰው ሳይልክ ይንገሯቸው» አለ ደምለው። «ቅዳሴ ሊወጣ ነው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እዚያው ነው።»

«እንዴት አታለለሽ ቢሉኝስ?»

«ስሜን አደባባይ ሰቅዬለት ነው ይበሏቸዋ።»

«አባስ? እሳቸውን እንዴት አድርጌ...»

«እሱንም ለእሳቸው ነው የሚናገሩት። ለሌላ ለማን ይናገሩታል?»

ከላይ ደወል ተሰማ። አገሬ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሣችና ነጠላዋን አጣፋች።

«እሺ» አለች። «አንተ ስለ ቁጥሩ ታስረዳልኛለህ። እኔ መጀመሪያ አባን መስቀላቸውን እሳለማለሁ። ከዚያ ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ እላለሁ።»