ሁለተኛው የዲስክ መቆጣጠሪያ

አስቢዮርን ወደ ሱቁ ሲገባ የቀኝ እጁ አንጓዎች ተልጠው ደም አዝለው ነበር። በብብቱ ያቀፈውን አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው፤ ከካፖርቱ ኪስ ደግሞ አንድ ሃርድ ዲስክ አወጣ።

ባለሱቁ አይለርት፣ በቤርገን ከተማ ወደብ አጠገብ ባለችው ሱቁ ብቻውን ኮምፒውተር ይጠግናል። የሰውየውን እጅ አይቶ ምን እንደሚፈልግ በቀስታ ጠየቀው።

ዲስኩ የሚስቱ እንደሆነ አስቢዮርን ነገረው። ከቤት እንደወጣች አልተመለሰችም። ኮምፒውተሯ ተሰባብሮ የተረፈው ይኸው ብቻ ነው። ማን ዘንድ እንደሄደች ግን እዚህ ውስጥ መጻፏ አይቀርም።

አይለርት፣ ያረጀው ማሽን ይህን ዓይነት ዲስክ እንደማያነብ፣ ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ካርድ ካልተጨመረለት እንደማይሠራ አስረዳው። ትቶለት እንዲሄድም ለመነው።

«እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ» አለ አስቢዮርን በሩን ከውስጥ እየቆለፈ።

«ሴትየዋ መገኘት ባትፈልግስ፣ ወንድሜ?»

መልሱ ቡጢ ነበር። አይለርት ከመደርደሪያው ጋር ተላትሞ ወደቀ፤ አፉ ደም ሞላ። ሰውየው በአንገትጌው አንጠልጥሎ ወንበሩ ላይ ወረወረው።

አይለርት ያን ዲስክ ማንም እንዳያየው በልቡ ማለ። አዲሱን ካርድ ሲሰካ ካርዱ የሚጠራበትን አድራሻ የምትወስነውን ትንሽ መሰኪያ ሆን ብሎ በነባሩ መቆጣጠሪያ አድራሻ ላይ አደረጋት። ሁለት ካርዶች በአንድ አድራሻ ሲጠሩ ይጣላሉ፣ ማሽኑም አይነሳም። አልተነሳም።

አስቢዮርን ጨለማውን ስክሪን ትንሽ አየ። ከዚያ የአይለርትን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ ትንሿን ጣት በመዶሻ ጨፈለቃት።

«ዘጠኝ ይቀሩሃል።»

አይለርት እያቃሰተ መሰኪያዋን አስተካከለ። ማሽኑ ተነሳ። የሴትየዋ ዲስክ አጓርቶ መዞር ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ ፊደላት ብቅ ሲሉ አስቢዮርን ትንፋሹን ውጦ ጎንበስ አለ።

አይለርት ካቻቢቴውን አንስቶ አስቢዮርን ጭን ላይ እስከ እጀታው ሰካበት። ተያይዘው ወደቁ፤ ማሽኑም አብሯቸው። ሰውየው ጉሮሮውን አንቆት ዓይኑ ሊፈርጥ ሲደርስ፣ የአይለርት እጅ መዶሻው ላይ አረፈ። በመጀመሪያ የመታው ዲስኩን ነበር፤ እስኪደቅ መታው። ሰውየውን የመታው ከዚያ በኋላ ነው።

ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤት ዓሣ ሻጭ ጠርታቸው፣ ፖሊሶች መስታወቱን ሰብረው ገቡ። አስቢዮርንን መሬት ላይ አጋድመው እጁን የኋሊት አሰሩት።

«ቢያገኛት ኖሮ ቶሩንን ይገድላት ነበር» አለ አይለርት ደሙን እየተፋ።

የፖሊሶቹ አለቃ ትከሻውን ይዛ የሰው ነፍስ እንዳተረፈ ነገረችው። አስቢዮርን መታገሉን ድንገት አቁሞ አይለርት ላይ አፈጠጠ። «ስሟን አልነገርኩህም» አለ በሰለለ ድምፅ። ከዚያ ደጋግሞ ጮኸው፤ እየጮኸ ጎትተው አስወጡት። የሰማው ሁሉ አበደ አለ።

አይለርት፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ለፖሊሷ ቃል ገባላት። መኪኖቹ እስኪርቁ ጠበቀ። ጣቱን በጨርቅ ጠቀለለ።

ከዚያ መብራት ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደና፣ ከአፏ ላይ ጨርቁን እየፈታላት፣ «ባልሽን ወሰዱት፣ ቶሩን» አላት።