ማንም ያላረሰው መሬት

«ይህን ‹ዝቅተኛ› ብለህ የሞላኸው አንተ ነህ?» ትላለች ሰብለ ወንጌል፣ የአደጋ ስጋት መገምገሚያ ቅጹን ምንይሉ አፍንጫ ሥር ዘርግታ።

ምንይሉ ይስቃል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው አስተባባሪ ነው፤ ሳቁ ከልብ ስለሆነ ይብሱን ያናድዳል። እንዳትደክም ብሎ እንደሞላው ይነግራታል። ልትገመግም የመጣችው ኢንጂነር ማለዳ ከቢቸና ተነሥታለች፣ ከሰዓት ሞጣ ትጠበቃለች፤ ከፊርማ በቀር ምን እንዲቀራት ይፈልጋል? ጎርፍ፣ ዝቅተኛ። የመሬት መንሸራተት፣ ዝቅተኛ። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ዝቅተኛ። አንበጣም ቢጠየቅ ዝቅተኛ ይል ነበር።

የቆሙት ከአፈር በተሠራው ግድብ ላይ ነው። ከጀርባቸው ሦስት ኩሬዎች አሉ፤ ከከተማዋ ሽንት ቤቶች እየተመጠጠ የሚመጣው ፍሳሽ የሚጠራው በእነዚህ ነው። ከፊታቸው፣ የሩብ ሰዓት መንገድ ቁልቁል፣ ሁለት ጎጥ ሕዝብ የሚጠጣው ምንጭ አለ። ግድቡ ከተደረመሰ ኩሬው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ጎርፍ አለመኖሩን በምን እንዳረጋገጠ ትጠይቀዋለች። በመዝገብ፣ ይላል። እዚህ ቦታ ላይ ጎርፍ የበላው ሰብል ተመዝግቦ አያውቅም። ካሳ የጠየቀ ገበሬም የለም። እንዲያውም ቦታው የተመረጠው ለዚሁ ነው፤ ማንንም አላፈናቀሉም፣ ባዶ መሬት ነበር።

ሰብለ ወንጌል ዙሪያዋን ታያለች። ባዶ መሬት፣ እዚህ አገር? እስከ ገደሉ አፋፍ ታርሷል። የመንገዱ ዳር ታርሷል። ወንድምና ወንድም በአንድ ክንድ ድንበር ፍርድ ቤት የሚቆሙበት አገር ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ይህን የሚያህል ሣር ማረሻ ሳይነካው ሲቀር፣ ይህ ሰው የእግዜር ስጦታ መሰለው።

ከግድቡ ሥር አንድ ሽማግሌ ላማቸውን ይዘው ቆመዋል። ሲመጡ ምንይሉ ከእሷ ጋር ያስተዋወቃቸው አያ ጓዴ ናቸው፤ ማሳቸው ከኩሬዎቹ ጋር ይዋሰናል።

«አያ ጓዴ፣ ይህን መሬት ለምን አላረሳችሁትም?»

ሽማግሌው የቀለደች መስሏቸው ፈገግ ይላሉ። «ዘሩን ለጎርፍ የሚሰጥ ማን አለ ልጄ? ሐምሌ ሲጋመስ የዚያ ተራራ ውኃ ሁሉ የሚወርደው በዚህ ነው። አባቴም አላረሰው።»

«ታዲያ ኩሬው ሲቆፈር ዝም አላችሁ?»

«ሰብል አላችሁበት ወይ አሉን፤ የለንም አልን። ለምን እንደሌለን የጠየቀን የለም።»

ምንይሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቅጹ የሚጠይቀው የተመዘገበ ጉዳት ነው፤ ለሽማግሌ ወሬ የተተወ መስመር የለውም። ደግሞስ ክረምቱ ገና አይደል?

«አምስት ዓመት ተምረህ» ትለዋለች፣ «ገበሬ ከነአባቱ የሸሸውን ቦታ ፈልገህ አገኘኸው።»

‹ዝቅተኛ›ን ሰርዛ ‹ከፍተኛ› ትጽፋለች። እስክርቢቶው ወረቀቱን ይቀደዋል። ከሥሩ ደግሞ ግድቡ እስኪስተካከል ድረስ አንድ ጠብታ ፍሳሽ እንዳይገባ ብላ ትጨምራለች። አሁን ምንይሉ አይስቅም። ሥልጣኗ መገምገም እንጂ መዝጋት አለመሆኑን ረጋ ብሎ ያስታውሳታል፤ ትጻፍ፣ ይላል፣ ወረቀቱ በደንቡ መሠረት ወደ ላይ ይሄዳል፣ መልሱም ይመጣል። መቼ እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ለመስከረም ቢደርስ ነው።

የፍሳሽ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ሰብለ ወንጌል ከግድቡ ላይ ትወርዳለች፤ እየተራመደች ነው ወይስ እየሮጠች፣ ለራሷም አይታወቃትም። የጣቢያውን የብረት በር ትዘጋና በመቀርቀሪያው ትቀረቅረዋለች።

ምናለ የተባለው ሾፌር መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። እንዲከፈትለት በትሕትና ይለምናል። ጎርፉን ትነግረዋለች፣ ምንጩን ትነግረዋለች፣ ሐምሌን ትነግረዋለች፤ ድምፅዋ እየጨመረ ይሄዳል። እሱ መሪውን እንደያዘ፣ ሳያቋርጣት፣ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

«እሺ እህቴ» ይላል። «ታዲያ የት ልድፋው?»

ተከትሏት ወደ ወረደው ምንይሉ ትዞራለች። ምንይሉ ቅጹን ያያል። አያ ጓዴ የላማቸውን ገመድ በእጃቸው ይጠቀልላሉ።

ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል። የታንከሩ ሽታ በመሐላቸው ይቆማል። ሰብለ ወንጌል እጇን ከመቀርቀሪያው ላይ አላነሣችም።