ሰዓት ሠሪው ያላወቁት ሰዓት

"ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ ነው..."

ሰዓት ሠሪው የሱቃቸውን በር ፊቱ ላይ ዘጉበት። ከውስጥም ቆለፉት።

ውጭ የቆመው ከመንገዱ ማዶ ሞባይል የሚሸጠው ጎልማሳ ነው። ሰፈሩ "ቻርጀር" ይለዋል።

ሰው ሁሉ ሰዓት ከስልኩ ማየት ከጀመረ ወዲህ ገበያዬን የነጠቀኝ እሱ ነው ብለው ሰላምታ ካቋረጡት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

በሩን የዘጉት ግን በቂም አልነበረም። በፍርሃት ነበር።

አንድ ልጃቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር በርራለች። ትኬቱ መድረሻዋን ሰባት ሰዓት ይላል። ከሦስት እስከ ሰባት፣ አራት ሰዓት። አርባ ዓመት ሰዓት የሠራ ሰው ይህን ማንንም አይጠይቅም።

ሰባት ሆነ... ስልኳ ዝግ ነው።

ስምንት... አሁንም ዝግ።

ዘጠኝ ላይ ሬዲዮ ከፈቱ። ስለ አውሮፕላን የተባለ ነገር የለም። ይህም አላረጋጋቸውም... ገና አልተሰማ ይሆናል አሉ በልባቸው።

በወረንጦ የያዙት ብሎን ሁለቴ አመለጣቸው። ለማንም አልተናገሩም፤ ከአፋቸው ከወጣ እውነት የሚሆን መሰላቸው።

ቻርጀር ስልኩን በእጁ ይዞ የመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። መርዶ ነው ብለው ዘጉበት። ከውጭ ሆኖ ሲናገር ጆሯቸውን ደፍነው ነበር። ቻርጀርም የድሮው ቂም ነው ብሎ ተመለሰ።

ግድግዳው ላይ ሠላሳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል...

አሥራ አንድ ላይ አልቻሉም። መንገዱን ተሻገሩ።

"በል ንገረኝ... ወደቀ?"

"ምኑ፣ ጋሼ?"

"አውሮፕላኑ ነዋ።"

ወንበር ሳበላቸው። ስልኩን አዞረላቸው። ካርታው ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ባሕር እያቋረጠች ነው።

"ስምንት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እኮ ነው። አሥር ሰዓት ያስኬዳል። ትኬቱ ላይ ያለው ሰባት ሰዓት የእነሱ ነው፤ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ገና ሁለት ሰዓት ይቀራታል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ትናንት መጥታ ነበር። 'አባዬን የሰዓቱን ልዩነት ልነግረው ስል፣ «ሰዓት ለእኔ ልታስተምሪ ነው?» አለኝ። ሲጨነቅ ካየኸው አደራ፣ በስልክህ አሳየው' አለችኝ። አያስገቡኝም ብያት ነበር..."

ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ወደ ስልኩ አስጠጉት።

ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልካቸው ጠራ።

"አባዬ፣ ደረስኩ።"

"አውቃለሁ። አብረን ስናይሽ ነበር።"

ዛሬ ከሠላሳዎቹ ሰዓቶች አንዱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። ደንበኛ "ይሄ ተበላሽቷል" ሲላቸው "እሱ የልጄ ነው፣ አትንካው" ይላሉ።

ወገኖቼ... ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ አውቀዋለሁ በሚለው ነገር ነው፤ ምክንያቱም አይጠይቅም። እኚህ አባት አንድ ሰዓት ሙሉ የተሰቃዩት መልሱ በራቸው ድረስ መጥቶላቸው ሳለ ነው።

እናንተስ... በቂም ወይም በፍርሃት በር የዘጋችሁበት፣ በኋላ ግን የምሥራች ይዞ እንደነበር ያወቃችሁት ሰው አለ? ምን አላችሁት?