የወይዘሮ የሺሀረግ ጥልፍ ማለቅ ጀመረ

ወይዘሮ የሺሀረግ የጀመሩትን ጥልፍ ጨርሰው አያውቁም። ቀጨኔ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቤታቸው ጅራት ባልወጣለት ጣዎስ፣ «መልካም እንቅ» ላይ በቀረ የትራስ ልብስ፣ አንድ ጎኑ ብቻ በተዘመዘመ የጠረጴዛ ልብስ የተሞላ ነው። አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ያዘዘችው የአልጋ ልብስ ሳያልቅ አገባች፣ ወለደች፣ ተፋታች። ለሁለተኛው ባልም አልደረሰላትም።

በ1977 ጥር ላይ ግን ጥልፉ ማለቅ ጀመረ።

መጀመሪያ የነቃችው ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብላ ክርና መርፌ የምትሸጠው ጀዊሪያ ናት። ወይዘሮ የሺሀረግ ድሮ በወር አንድ ጥቅል ክር ነበር የሚወስዱት። አሁን በሳምንት አራት ይወስዳሉ። ሥራቸውም ሌላ ሆኗል፤ ስፌቱ እኩል ነው፣ ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹህ ነው። ምን ተገኘ ብትላቸው ዓይኔ በራልኝ አሏት።

ሰፈሩ ወዲያው አንድና አንድን ደመረ። የወይዘሮ የሺሀረግ አንድ ልጅ፣ ስብሐት፣ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና በተጠራ ማግስት ጠፍቷል። አንድ ሾፌር ሻሸመኔ አየሁት ብሎ ነበር፤ ማንም አላመነውም። የቀበሌ ሊቀመንበር የፈረመበት ይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ኬላ እንደማያልፍ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስለዚህ ስብሐት እናቱ ቤት ተደብቆ ጥልፍ ይጠልፋል ተባለ። የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ማሰር የማይችል ልጅ እንዴት ጣዎስ ይጠልፋል ብላ የጠየቀች ጀዊሪያ ብቻ ነበረች። ሰው ሲፈራ እጁ ይፈታል ብለው ዝም አሰኟት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ ነገሩን በራሱ እጅ ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ይመጣል። ጠባቂዎቹን ከአጥር ውጭ ያቆምና ብቻውን ይገባል። ከዚያ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከሃዲ ይላል፣ አድኃሪ ይላል፣ የእናት ጡት ነካሽ ይላል። ማስረጃ የምሰበስብበት ነው የሚለው ቦርሳ ነበረው። ቦርሳው ሲገባ ያበጠ፣ ሲወጣ የከሳ ነው። ሰው ግን የሚያየው ሽጉጡን ነበር።

ጓድ ይገዙ በየስብሰባው ንግግሩን የሚጀምረው በልጁ በአጥናፉ ነው። አጥናፉን በገዛ እጁ መዝግቦ፣ በገዛ እግሩ አውቶቡስ ድረስ ሸኝቶ ለእናት አገር ሰጥቷል። እናቶች ሲያለቅሱ፣ የኔስ ልጅ ልጅ አይደለም ወይ ይላቸዋል። ሴቶቹ በዚህ የተነሳ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። ጀዊሪያ ሲያልፍ ካየችው የሱቋን መስኮት ትዘጋለች።

መጋቢት ላይ አንዱ ጎረቤት ሊቀመንበሩ አልቻለም ብሎ ጥቆማውን ከቀበሌ በላይ ላከው። ተክለሃይማኖት የሚባል ካድሬ መጣ። በስሙ ስለሚያፍር ጓድ ተክሌ በሉኝ ይላል። ረቡዕ ጠዋት ይገዙን ከቢሮው ይዞት፣ ስድስት ጠባቂዎች ጨምሮ፣ ወይዘሮ የሺሀረግ ቤት ገባ።

አልጋው ተገለበጠ። ፍራሹ በሳንጃ ተወጋ። ኮርኒሱ ተቀደደና አቧራውና የአይጥ ጎጆው በጓድ ተክሌ ኮፍያ ላይ ወረደ። ስብሐት የለም።

የቀረው ጥግ ላይ ያለው ሰፊ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው። ወይዘሮ የሺሀረግ ብጥስጣሽ ጨርቅ ያጠራቅሙበታል። ይገዙ እላዩ ላይ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ነበር።

ካድሬው ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ።

«ቅዳሜ ራሴ ገልብጬዋለሁ። ብጣሽ ጨርቅ ነው» አለ ይገዙ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ልጄን አጥናፉን ይንሳኝ።»

ጓድ ስለሆነ ማን እንደሚነሳው አልተናገረም።

ካድሬው ሳጥኑን አየ፣ ይገዙን አየ። ይሄኔ ወይዘሮ የሺሀረግ እንደ ምንም ብለው ከመደርደሪያው አንድ የጠረጴዛ ልብስ አወረዱና ዘረጉለት። ለአብዮት በዓል የተሠራ ነው አሉት። መሃሉ ላይ ማጭድና መዶሻ አለ፤ ዙሪያውን ጽጌረዳ ከቦታል። ማጭዱ ትንሽ ሙዝ ይመስላል፤ ቢሆንም ዳር እስከ ዳር አልቋል። ካድሬው ጀርባውን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ማን ሠራው አላቸው። እኔ ነኝ ልጄ አሉት። ለጽሕፈት ቤቱ ይሆናል ብሎ አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ የምትወደው ቀለም ነበር።

ሊወጣ ሲል ይገዙ ቃለ ጉባኤውን ልጨርስ፣ ለሴትዮዋም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ልስጣት አለው። ካድሬው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አባቶች ሁሉ እንዳንተ ቢሆኑ ይቺ አገር የት በደረሰች ብሎት ጠባቂዎቹን ይዞ ሄደ።

ጩኸቱ እስከ ጀዊሪያ ሱቅ ተሰማ። ከሃዲ። አድኃሪ። የእናት ጡት ነካሽ። ደጅ የቆሙት ሴቶች ለወይዘሮ የሺሀረግ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ጀዊሪያ ወደ ቤቱ ዞራ ምራቋን ተፋች።

የካድሬው መኪና ድምፅ ሲርቅ ይገዙ መጮሁን አቆመ። በሩን በመቀርቀሪያ ዘጋ፣ ተመልሶም ሳጥኑን ከፈተው።

«አባባ፣ ሁለተኛ እንዲህ አትቀመጥብኝ፤ ክሬን አጠላለፍክብኝ» አለ አጥናፉ።